ልየው የጠረበው ጠመንጃ

በሾላ ሜዳ ዱላ ትከሻ ላይ ማጋደም የተከለከለው በ2068 ዓ.ም. ነው። ዱላ መያዝ አልተከለከለም፤ መካከሉን ጨብጦ፣ ጫፉን ወደ መሬት አድርጎ መሄድ ይቻላል። ጃንጥላ ዝናብ ካለ ተዘርግቶ፣ ከሌለ በቢጫ ከረጢት። አካፋ ብረቱ ወደ ፊት። ማሲንቆ ከነልባሱ። በትምህርት ቤት ልጆች በሌባ ጣት ማመልከት ትተው በሙሉ መዳፋቸው ሰሌዳ ያሳያሉ። መጀመሪያ ሰሞን ሽማግሌዎቻችን ግራ ገብቷቸው ነበር። ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ መንገድ ላይ ቆም ብለው ትከሻቸውን ይዳስሳሉ፣ ክንዳቸውን የሚሰቅሉበት አጥተው ዝም ብለው ያወዛውዙታል። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባ አልን። መስከረም ጠባ፤ ለመድነው።

ከላይ ጭልፊቶቹ፣ ሰው አልባዎቹ የመንግሥት በራሪዎች፣ ይዞራሉ። የመዝገብ ስማቸው ሌላ ነው፣ ረጅም ስለሆነ ማንም አይጠራቸውም። ጠመንጃ የሚመስል ቅርጽ ካዩ ዝቅ ብለው በተማረች ሴት ድምፅ ይናገራሉ፣ ሽበት ካዩ ደግሞ አንቱ ይላሉ። «ቅርጽ ይታያል። እባክዎ ያስቀምጡና እጅዎን ይዘርጉ።» ሦስት ጊዜ ይናገራሉ። አራተኛ የለም። «ከልጆቼ ሁሉ አንቱ የሚለኝ ጭልፊቱ ብቻ ነው» ይሉ ነበር አጎታችን አባ ቢተው፣ ነፍሳቸውን ይማርና።

እኔ ስመኝ እባላለሁ። ስልሳ አንድ ዓመቴ ነው፣ ሥራዬ አልቃሽነት ነው። ሰው ሲሞት ከሦስት ቀበሌ ማዶ ሳይቀር ይልኩብኛል። ሟቹን ባላውቀው እንኳ ዘመዶቹን ጠይቄ፣ ምን ይወድ እንደነበር፣ ከማን ተጣልቶ ከማን እንደታረቀ፣ በሬው ምን ይባል እንደነበር ሰብስቤ ለቅሶ ሜዳው ላይ ሙሾ አወርዳለሁ። መኩራት አይሁንብኝ እንጂ ድንጋይ አስለቅሳለሁ። አንድ ጊዜ የለቅሶ ፈቃድ ሊያጣራ የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ሟቹን በዓይኑ አይቶት የማያውቅ ሰው፣ ወረቀቱን ጥሎ ሲነፋረቅ አይቻለሁ።

በእኛ አገር ለቅሶ ሴቷ ታለቅሳለች፣ ወንዱ ይሸከማል። የሚሸከመው የሟቹን ጠመንጃ ነው፤ አፈ ሙዙን ወደ መሬት ደፍቶ በለቀስተኛው መካከል ይዞራል። ሙሾው ሲግል አልቃሿ ከዘመዶቹ አንዱን በስሙ ትጠራለች። የተጠራ ወንድ ቆሞ አይቀርም። ጠመንጃውን ተቀብሎ ወደ ላይ አንሥቶ ወደ መካከል ይዘላል፣ ይፎክራል፣ ሟቹን ያወድሳል፣ ከዚያ ተንበርክኮ ያለቅሳል። ተጠርቶ ያልተነሣ ሰው ሚስቱ እንኳ ቀና ብላ አታየውም። ማንም ተቀምጦ ያወጣው ሕግ አይደለም፤ ስለዚህ ማንም ተቀምጦ ሊሽረው የሚችል አይመስለንም ነበር።

እውነተኛው ጠመንጃ በ2055 ተሰብስቦ ተወሰደ። ደግ አደረጉ። በጥይት ለወደቀ ሰው ስንት ሙሾ እንዳወረድኩ የማውቀው እኔ ነኝ፤ ሲወሰድ እልል ካሉት ሴቶች አንዷም እኔ ነበርኩ። ለለቅሶ ግን ባዶ እጅ አይሆንም ተባለና ወንድሜ ልየው ከዋንዛ መጥረብ ጀመረ።

ልየው የእናቴ ልጅ ነው። በአሥር ዓመት ያንሰኛል፤ እናታችን ስትሞት በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። እንጨት በእጁ ሲገባ ይታዘዝለት ነበር። ከለቅሶው ጠመንጃ በፊት የታወቀው በልጆች መጫወቻ ነው፤ በገና ሰሞን በላስቲክ የምትተኩስ የእንጨት ሽጉጥ ይሠራና የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ደጁ ላይ ይሰለፋል። ይህ የሆነው እስከ 2059 ድረስ ነው። በዚያ ዓመት ሁለት ሌቦች በፕላስቲክ ሽጉጥ ወደ ከተማ የሚወርድ ሚኒባስ ሊያስቆሙ ሞከሩ። ሹፌሩ መሪው ላይ ደነገጠ፤ መኪናው ገደል ገባ። አሥራ አንድ ሰው። ሹፌሩ የጎረቤቴ የአልጣሽ ባል ነበር።

ለአሥራ አንዱም አለቀስኩ። በሳምንቱ ስብሰባ ተጠራና መጫወቻ ጠመንጃ ይከልከል የሚል ሐሳብ ሲቀርብ እጄን አወጣሁ። ልየውም አጠገቤ ተቀምጦ እጁን አወጣ። ማታውኑ በቤቱ የቀሩትን ሽጉጦች በጆንያ ሞልቶ ወደሚቃጠሉበት ቦታ ወሰዳቸው።

«አይቆጭህም?» አልኩት።

«ምን ይቆጨኛል እታለም? ልጅ በፈረስም ይጫወታል» አለኝ።

ፈረስ ጠረበ። ልጆቹ ፈረሱን በኋላ እግሩ ይዘው «ቷ! ቷ!» ይባባሉ ጀመር። በሁለተኛው ዓመት ፈረሱም ተከለከለ። ልየው ሲነግረኝ ሆዱን ይዞ ይስቅ ነበር፣ እኔም አብሬው ሳቅሁ። ያን ጊዜ ነገሩ ያስቅ ነበር።

የለቅሶው ጠመንጃ ግን ቀረልን። ጭልፊቶቹ ከመጡ በኋላ ደንብ ወጣለት፤ እያንዳንዱ ቁጥር ይመታበታል፣ ቢጫ ልባስ ይለብሳል፣ ተሸካሚው በሜዳው ዙሪያ ከሚወጠረው ገመድ ሳይወጣ አፈ ሙዙን ደፍቶ ይዞራል። እኔም ለራሴ ደንብ አወጣሁ፤ ጠመንጃ የያዘውን ሰው በስሙ አልጠራም። ሌሎቹን እጠራለሁ፣ እነሱም ባዶ እጃቸውን ተነሥተው ይፎክራሉ። ባዶ እጅ ፉከራ ደስ አይልም፣ ግን ለመድነው። ሦስት ዓመት በዚህ ሄድን።

አባ ቢተው ያረፉት በሚያዝያ 2071 ነው። ሰማንያ ስምንት ዓመት ኖረዋል፤ ልጆቻቸው ሁሉ ከአገር ወጥተው ስለነበር አንዱም አልደረሰም። በዚያ ሁሉ ለቀስተኛ መካከል የሥጋ ዘመድ የሚባለው ልየውና እኔ ብቻ ነበርን። ልየው ጠመንጃውን ጠርቦ፣ ልባሱን አልብሶ፣ ተሸክሞ መጣ። እኔም ጀመርኩ።

*ቢተው ሞተ ብለው ቢያረዱኝ ማለዳ፣*
*ማን ሊሸኘው ይሆን ከደጅ እስከ ሜዳ።*

ሴቶቹ ደረታቸውን መቱ። ሙሾ ሲግል አልቃሿ ራሷን አታዝም፤ ይኼን ያልሠራ ሰው አይገባውም። አፌ የሚጠራው ሰው ፈለገ። ከዘመድ ወገን የሚጠራ ሌላ ሰው አልነበረም፣ እና ስሙ ወጣ።

*ልየው ኧረ ልየው፣ የእናቴ ልጅ ጀግና፣*
*አጎትህ ብቻውን ቀረ በጎዳና።*

ካፍ የወጣ አፋፍ። ልየው አንገቱን ቀና አደረገ፣ ዓይኖቹ በእንባ ተሞልተው ነበር። ቢጫውን ልባስ በአንድ እጁ ቀዶ ጣለው። ጠመንጃውን ወደ ሰማይ አንሥቶ ዘለለ፣ ገመዱንም አለፈ፤ «ዘራፍ የቢተው ወንድም ልጅ!» ሲል እኔ ራሴ በኩራት እልል አልኩ። አዎ፣ እልል አልኩ። ጭልፊቱ ዝቅ ብሎ ሦስት ጊዜ ተናግሯል። በመዝገቡ ላይ ተጽፏል፣ ሦስቱም። እኛ ግን ሁለት መቶ ሰው ሆነን እያለቀስን ማን ይሰማል? የተኩሱም ድምፅ ትንሽ ነው፣ ባቄላ ምጣድ ላይ ጧ እንደሚል። ልየው እንደ ልማዱ ተንበርክኮ ሊያለቅስ መስሎን ሙሾውን አላቋረጥንም። ሁለት ስንኝ ጨምሬአለሁ፣ አፈር ስሆን፣ ሁለት ስንኝ ሙሉ እሱ መሬት ላይ ወድቆ።

መርማሪዎቹ በበነጋው መጥተው ለቀስተኛውን አንድ በአንድ ጠየቁ። የሾላ ሜዳ ሰው ግን እኔ ሳላውቅ ተማክሮ ኖሯል። ማን ጠራው ሲባሉ ሁሉም «እኔ እንጃ» አሉ። አልቃሿን አሳልፈን አንሰጥም፣ ነገ ለእኛ ሬሳ ማን ያለቅሳል ነው ነገሩ። እኔም ያን ቀን «እኔ እያለቀስኩ ነበር» ብቻ አልኩ። ደጎች ናቸው የሾላ ሜዳ ሰዎች። ደግነታቸው ግን ወንድሜን ወንጀለኛ አደረገው፤ በመዝገቡ ላይ «ሟች ማንም ሳያዘው በገዛ ፈቃዱ ልባሱን ገፎ ከክልሉ ወጥቷል» ተብሎ ተጻፈ።

በገዛ ፈቃዱ ደንብ የጣሰ ሰው ለቅሶ ሜዳ አይፈቀድለትም። አራት ሰው አጅቦት ያለ ሙሾ ቀበርነው። ለሰው ሁሉ ያለቀስኩት እኔ በወንድሜ መቃብር ላይ ከንፈሬን ነክሼ ቆምኩ። በቤቱ ላይ ደግሞ ለአንድ ዓመት ጭልፊት ተመደበ። ቤቱ ውስጥ የምትኖረው አንድ ልጁ ትብለጥና ባሏ አስማረ ናቸው። ጭልፊቱ ከጣሪያው በላይ ቆሞ ይውላል። ትብለጥ የልብስ ማስጫውን እንጨት ነቀለች፣ መጥረጊያውን እጀታውን አሳጠረችው። አስማረ ከሥራ ሲመጣ ከመንገድ ጀምሮ እጁን ዘርግቶ ነው የሚገባው። እንግዳ ቀረ። ሰው የሚያየው ጣሪያውን ስለሆነ በዚያ በኩል ማለፍ እንኳ ተወ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ትብለጥ እኔ ዘንድ መጣች። በሩ ላይ ቆማ አልገባም አለች።

«አክስቴ፣ አባቴ ወንጀለኛ ነው?»

«ማን አለሽ?»

«ወረቀቱ አለኛ። ማንም ሳያዘው ይላል። አንቺ አልጠራሽውም?»

«ጠርቼዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን አትናገሪም?» አለችና ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። «ለዓለም ሁሉ ታለቅሺያለሽ። ለአባቴ አንዲት ቃል መናገር አቃተሽ?»

ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ ውሸት ነው፣ የእኔ ዝምታ በአሥራ ሁለት ቀን ነቅዞ ነበር።

ያ ሳምንት ቅርጽ የሚከለክለውና የሚፈቅደው የቅርጽ ጉባኤ የሚሰበሰብበት ነበር። ከልየው ሞት በኋላ የለቅሶው ጠመንጃም እንደ መጫወቻው ጨርሶ ይከልከል የሚል ሐሳብ ቀርቦ አዳራሹ ሞልቷል፣ በረንዳው ላይም ሰው ቆሟል። ሰብሳቢው አቶ ዳርጌ የሚባሉ መነጽራቸውን ደጋግመው የሚጠርጉ ሰው ናቸው። መጀመሪያ የተነሡት የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ አባ ጌጤ ነበሩ።

«ልጆቼ» አሉ፣ «መጫወቻ ይከልከል ስትሉ እሺ አልን። የልጅ ነገር ነው። ዱላዬን ከትከሻዬ ስታወርዱ እሺ አልኩ። አሁን የቀረኝ የምቀበርበት እንጨት ነው። እንጨት እኮ ነው! አይተኩስ፣ አይናገር። እንጨት ሰው አይገድልም።»

ሕዝቡ አጨበጨበ። ከዚያ አልጣሽ ተነሣች። ባሏ ከሞተ በኋላ ጥቁር አውልቃ አታውቅም።

«አባ ጌጤ፣ ያክብሩኝና» አለች፣ «ባሌን የገደለውም ፕላስቲክ ነበር። እሱም አይተኩስም ነበር። ሹፌሩ ግን በዚያች ቅጽበት እንደማይተኩስ በምን ይወቅ? ጭልፊቱስ በምን ይወቅ? እኔ የማንንም ለቅሶ አልጠላም። እኔ የምጠላው ቅርጹን ነው። ቅርጹ ካለ አንድ ቀን አንድ ሰው ይሳሳታል፣ ያ ስሕተት ደግሞ ቤትሽ ገብቶ የአልጋሽን ግማሽ ይወስዳል። ልየው ጥሩ ሰው ነበር። ያ እንጨት በእጁ ባይኖር ዛሬ እዚህ ተቀምጦ ነበር።»

ማንም አላጨበጨበም፣ ማንም ግን አልተቃወማትም። አልጣሽን ሳያት እውነቷን ነው። አባ ጌጤንም ሳያቸው እውነታቸውን ነው። ሁለት እውነት በአንድ አዳራሽ ሲገባ ሰው እንዴት እንደሚደክመው ያየሁት ያን ቀን ነው።

እጄን አወጣሁ።

«ወይዘሮ ስመኝ» አሉ አቶ ዳርጌ፣ «ስለ ጠመንጃው ነው?»

«ስለ ወንድሜ ነው። ወንድሜ በገዛ ፈቃዱ አልተነሣም። በስሙ የጠራሁት እኔ ነኝ።»

አባ ጌጤ «ተይ አንቺ ሴት፣ ማን ጠየቀሽ?» ብለው ጮኹብኝ። ሊያድኑኝ ነው።

«ቢጠሩትስ?» አሉ አቶ ዳርጌ። «አልነሣም ማለት አይችልም ነበር?»

«አይችልም።»

«እንዴት አይችልም? ሙሉ ሰው ነው።»

«ሙሉ ሰው ስለሆነማ ነው የተነሣው! አቶ ዳርጌ፣ እርስዎ እናትዎ በስምዎ ቢጣሩ ተቀምጠው ይቀራሉ?»

መነጽራቸውን አወለቁ። «ስሙን ባይጠሩት ኖሮ ልባሱን ይገፍፍ ነበር?»

ይህን ጥያቄ ፈርቼው ነበር የመጣሁት። አይገፍፍም ነበር ካልኩ ወንድሜ ነጻ ይወጣል፣ ትብለጥም ሰማዩን ታያለች። ግን ለእነሱ አዲስ ነገር እሰጣቸዋለሁ፤ እስከ ዛሬ የሚፈሩት እጅን ነበር፣ አሁን አፍን ሊፈሩ ነው። ትብለጥ ሁለተኛው ወንበር ላይ ተቀምጣ ከንፈሬን ትመለከታለች።

«አይገፍፍም ነበር» አልኩ። «እሱ ጥፋት የለበትም። ጥፋቱ የድምፄ ነው።»

ጸሐፊው ሲጽፈው አየሁ። ትብለጥ ተነሥታ እግሬ ላይ ልትወድቅ ስትል ያዝኳት። እንዲህ ያለቀሰችው አባቷ ሲቀበርም አልነበረም። ስወጣ አልጣሽ በር ላይ ጠበቀችኝ።

«ለባሌ ስታለቅሺም ስም ጠርተሽ ነበር» አለችኝ።

«ወንድሙን ጠርቻለሁ።»

«ተነሥቶ ነበር። ምን ያህል እንዳጽናናኝ አልነግርሽም» አለችና እጄን ጨብጣ ሄደች።

ውሳኔው በሠላሳ ሦስተኛው ቀን ተለጠፈ። ልየው ከጥፋት ነጻ ነው፤ አርባው በለቅሶ ሜዳ በይፋ ሊለቀስለት ይችላል። በቤቱ ላይ ያለው ጭልፊት ይነሣል። የለቅሶ ጠመንጃ አልተከለከለም፤ ከእንግዲህ ግን ማንም አይጠርብም፣ ልባሱ የተሰፋ ጠመንጃ ከጽሕፈት ቤቱ በውሰት ይሰጣል። ሁለቱም ወገን አሸነፍን ብለው ወጡ። የመጨረሻውን አንቀጽ አንብቦ የቆየው ጥቂት ሰው ነው። «አልቃሽ የሆነች ሁሉ ትመዘገባለች። በሙሾዋ ተነሣሥቶ ቅርጽ ለሚያነሣ ማንኛውም ሰው፣ ስም ብትጠራም ባትጠራም፣ ኃላፊዋ እርሷ ናት።» በጣቴ ፈረምኩ። መታሰር አላስፈራኝም፤ በስልሳ አንድ ዓመቴ ምን ይወስዱብኛል? ለልየው ማልቀስ መቻሌን ብቻ ነበር ያሰብኩት።

በቀሩት ሰባት ቀናት ሙሾውን ሠራሁ። ውኃ ስቀዳ፣ ሽንኩርት ስልጥ፣ ስንኝ ሲመጣልኝ ቆሜ እደግመዋለሁ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ሙሾ አልሠራሁም። በጀርባዬ ካዘልኩት ቀን እስከ ጆንያው፣ ከጆንያው እስከ ፈረሱ፣ ሁሉም ነበረበት። ስም ላለመጥራት ተጠንቅቄ ከሟቹ ከራሱ በስተቀር የማንም ስም እንዳይኖርበት አድርጌዋለሁ። ይበቃል መስሎኝ ነበር።

የአርባው ዕለት ሰው ከየቀበሌው መጣ። ለሌላ ሰው ሲጠርብ የኖረ ስለሆነ የማያውቀው ቤት የለም። ገመዱ ተወጠረ። ከጽሕፈት ቤቱ የተላከው ጠመንጃ ቁጥር አራት የሚል የታተመበት ቀላል ነገር ነው፣ ልባሱ በወፍራም ክር የተሰፋ። ተሸካሚው አስማረ ነበር። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። እናት አባት የለውም፤ ልየው ነው እንደ ልጁ ወደ ቤቱ ያስገባው፣ ሙያም ያስተማረው። አፈ ሙዙን ደፍቶ በገመዱ ውስጥ ይዞራል። ጭልፊቱ ከለቅሶ ሜዳው በላይ ቆሟል። ትብለጥ ፊት ለፊቴ ነበረች፣ ለአርባ ቀን የጠበቀችውን ልትሰማ።

ጀመርኩ።

*ለሰው ሁሉ ጠርቦ ላንዱም ሳይጎድልበት፣*
*ልየው ባዶ እጁን፣ ማን ይሸከምለት።*

ሜዳው አንድ ላይ አቃሰተ። አንዲት ሴት በስተኋላ ወደቀች። እኔ ግን ያየሁት አስማረን ነው። «ማን ይሸከምለት» ስል ቀና አለ። የሚሸከመው እሱ ነዋ! ስሙን አልጠራሁም፣ ከስም የባሰ ነገር ግን ብዬዋለሁ። አውራ ጣቱ የልባሱን ስፌት አገኘና አንዱን ክር በጠሰ፣ ሁለተኛውንም፤ አፈ ሙዙም ከመሬት ቀና አለ። ዓይኖቹን አውቃቸዋለሁ፤ የልየውን ያየሁ ሰው እንዴት አላውቃቸው! ከላይ የተማረችዋ ሴት ተናገረች። በዚህ ጊዜ ሰማኋት፣ ከሁለት መቶ ሰው መካከል እኔ ብቻ ሰማኋት። «ቅርጽ ይታያል።» አንድ።

የሚቀጥለው ስንኝ አፌ ላይ ነበር። እሱ ቢወጣ አስማረ እንደሚዘል እንደ ስሜ አውቃለሁ። ብተወውና ዝም ብል ደግሞ ዝምታውም ያስነሣዋል፤ አልቃሽ በእንባ ታንቃ ስትቆም ወንድ ይነሣል።

ስለዚህ ሙሾውን አበላሸሁት።

*ጥሩ ሰው ነበረ፣ ሥራውን አክባሪ፣*
*ነፍሱን ይማርልን የሰማዩ ፈጣሪ።*

ዜማውን ዝቅ አድርጌ፣ ወረቀት እንደሚያነብ ሰው ነበር ያልኩት። ቀጠልኩ። ለጎረቤት መልካም፣ ለሰው ታዛዥ እንደነበር፣ ሁላችንም ወደዚያው እንደምንሄድ፣ ማንም ለማንም የሚለውን አልኩ። ደረት የሚመቱት እጆች ቀዘቀዙ። አንዲት ልጅ ማስቲካዋን ማኘክ ጀመረች። የአስማረ አውራ ጣት ስፌቱ ላይ ቆየ፣ ቆየና ወረደ። አፈ ሙዙ ወደ መሬት ተመለሰ። ጭልፊቱ ሁለተኛውን አልተናገረም፣ ከፍ አለ። እኔ በዚያ ሁሉ ጊዜ በሆዴ ሌላኛውን ሙሾ እየሰማሁ ነበር። ተሰንጥቄ የምሞት መስሎኝ ነበር፣ ግን አልሞትኩም።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አበቃሁ። ሰው እርስ በርሱ ተያየ።

«እርጅና ነው» አለ አንዱ።

«ኤዲያ! ለገዛ ወንድሟ?» አለች ሌላይቱ፣ እንድሰማ ጮክ ብላ።

አስማረ ቁጥር አራትን ለጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ ሲመልስ ሠራተኛው የተበጠሱትን ሁለት ክሮች አየና በክብሪት ጫፋቸውን አቃጥሎ አለፈው። «የዛሬው ለቅሶ ሥርዓት ያለው ነበር፣ እናቴ» አለኝ፣ ሊያመሰግነኝ ነው። አንገቴን ነቀነቅሁለት።

ትብለጥ ሰው እስኪበተን ጠብቃ መጣች። ዓይኗ ደረቅ ነበር።

«አክስቴ» አለች፣ «ለባዕድ የምታለቅሺውን ያህል እንኳ ለአባቴ አላለቀስሽለትም። እኔ እኮ አርባ ቀን ጠበቅሁ።»

ባሏ ሁለት እርምጃ ከኋላዋ ቆሞ ይጠብቃታል። አንድ ቃል ብናገር ትረዳኝ ነበር። ግን ባሌ የአባቴን ለቅሶ ወሰደው ብላ ዕድሜዋን ሙሉ ታየዋለች፣ እሱም ራሱን በዚያው ዓይን ያያል። ምን አደርገዋለሁ?

«እውነትሽን ነው ልጄ» አልኳት። «አላለቀስኩለትም።»

ትንሽ ቆማ ጠበቀችኝ፣ ሌላ እንድናገር። ከዚያ ዞረች። አስማረ እጇን ያዛት፣ ጎን ለጎን ሆነው ወደ ቤታቸው ወረዱ።